መብራት ሲቋረጥ የቤት ውስጥ ዓሣዎችን ማዳን፦ የአደጋዎች ቅደም ተከተል በከፍታ ቦታ

መግቢያ

በሐይቅ ውስጥ የሚኖሩ ዓሦችን ነፋስ፣ ማዕበልና የውኃው ብዛት ይጠብቋቸዋል። ነፋስና ማዕበል አየር ወደ ውኃው ያስገባሉ፤ የውኃው ብዛት ደግሞ ቆሻሻውን ያሳሳል፣ ሙቀቱም በድንገት እንዳይለዋወጥ ያደርጋል። በቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ ወይም በተለምዶ አኳሪየም በሚባለው ዕቃ ውስጥ ለሚኖሩ ዓሦች ግን ይህን ሁሉ ተግባር የሚያከናውኑላቸው ሦስት ትንንሽ መሣሪያዎች ናቸው፤ እነርሱም አየር መንፊያው፣ ማጣሪያውና ማሞቂያው ናቸው። ሦስቱም የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ዓሦቹ በሕይወት የሚቆዩባቸው ሁኔታዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቋረጣሉ።

የኤሌክትሪክ መቋረጥ በአገራችን ከተሞች እንግዳ ነገር አይደለም። ዓሣ በቤቱ የሚያኖር ሰው በዚህ ጊዜ የሚወስዳቸው እርምጃዎች ከርኅራኄ የሚመነጩ ናቸው፤ እንዳይበርዳቸው ገንዳውን በጋቢ ይሸፍናል፣ የፈላ ውኃ ይጨምራል፣ እንዳይርባቸውም ምግብ ይበትናል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሦስቱም እርምጃዎች ያለ ጊዜያቸው ሲወሰዱ መቋረጡ ራሱ ካደረሰው ጉዳት የበለጠ ጉዳት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ምክንያቱም አደጋዎቹ የሚመጡት በቅደም ተከተል ነው፤ የሰው ስጋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ቅደም ተከተል ማብራራት ነው። ጽሑፉ በተለይ ሁለት ነጥቦችን ለማሳየት ይሞክራል። የመጀመሪያው፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን እንጂ ሙቀት ወይም ምግብ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ቦታ የኦክስጅኑ ክምችት ከመነሻው በሩብ ያህል ያነሰ በመሆኑ ለባሕር ዳርቻ ከተሞች ታስቦ የተሰጠ ምክር ሳይመዘን ሊወሰድ የማይገባ መሆኑ ነው።

ከፍታ ከውኃው የሚቀንሰው ድርሻ

ዓሦች በስንጥባቸው አማካይነት የሚወስዱት ከአየር መጥቶ በውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። ጨዋማ ባልሆነ ውኃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለውን ከፍተኛ መጠን፣ ማለትም የሙሌቱን ልክ፣ በዋናነት ሁለት ነገሮች ይወስኑታል፤ የውኃው ሙቀትና በላዩ ላይ የሚጫነው የአየር ግፊት። ውኃው በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የአየር ግፊቱም በቀነሰ ቁጥር እንዲሁ።

መካከለኛው የአዲስ አበባ ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው የኦክስጅን መጠን በግምት እንደሚከተለው ይሆናል፦

በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፦ በባሕር ጠለል 9.1 ሚሊግራም፣ በአዲስ አበባ 6.9 ሚሊግራም፤
በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፦ በባሕር ጠለል 8.3 ሚሊግራም፣ በአዲስ አበባ 6.2 ሚሊግራም፤
በ28 ዲግሪ ሴልሺየስ፦ በባሕር ጠለል 7.8 ሚሊግራም፣ በአዲስ አበባ 5.9 ሚሊግራም።

1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ሐዋሳ በ25 ዲግሪ ሙቀት የሚገኘው መጠን 6.7 ሚሊግራም ያህል ሲሆን፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ደግሞ 7.1 ሚሊግራም ይደርሳል። ድሬዳዋ በከፍታ ረገድ ብትጠቀምም ውኃው በአየሩ ጠባይ ምክንያት ስለሚሞቅ ጥቅሙ በከፊል ይመለስባታል።

እነዚህ ቁጥሮች ትርጉም የሚያገኙት ከዓሦቹ ፍላጎት ጋር ሲነጻጸሩ ነው። በጥቅሉ ሲታይ ለአብዛኞቹ የሞቃት አገር የጌጥ ዓሦች በሊትር 5 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ምቹ ነው፤ ወደ 3 ሚሊግራም ሲወርድ ብዙዎቹ በግልጽ ይጨነቃሉ፤ ከ2 በታች ሲሆን የተለየ የአተነፋፈስ ስልት ከሌላቸው በስተቀር ለመቆየት ይቸገራሉ። እንግዲህ በአዲስ አበባ በ28 ዲግሪ ሙቀት የተያዘ ገንዳ መሣሪያዎቹ ሁሉ በትክክል እየሠሩ እንኳ ከምቾቱ ወሰን የሚርቀው በአንድ ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው።

የከፍታው ተጽዕኖ በዚህ አያበቃም። ኦክስጅን ከአየር ወደ ውኃ የሚገባበት ፍጥነት የሚወሰነው በሙሌቱ ልክና በውኃው ውስጥ በወቅቱ ባለው መጠን መካከል ባለው ልዩነት ነው። በ25 ዲግሪ የውኃው ኦክስጅን ወደ 3 ሚሊግራም ቢወርድ ልዩነቱ በባሕር ጠለል 5.3፣ በአዲስ አበባ ግን 3.2 ሚሊግራም ነው። ስለሆነም ከፍታው የሚቀንሰው አስቀድሞ የተከማቸውን ብቻ ሳይሆን በመቋረጡ ጊዜ በውኃው ገጽ በኩል የሚገባውን ምትክም ጭምር ነው።

ስንት ሰዓት አለ?

ጉዳዩን በምሳሌ ስሌት ማየት ይቻላል። 100 ሊትር ውኃ የያዘ ገንዳ አለ እንበል፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ የዓሦቹ ጠቅላላ ክብደት 100 ግራም ነው። ዓሦቹ በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት በሰዓት 300 ሚሊግራም ኦክስጅን ይጠቀማሉ ብንል የ100 ግራም ዓሦች ፍጆታ በሰዓት 30 ሚሊግራም ይሆናል። ባክቴሪያዎች፣ የሚበሰብስ የምግብ ትርፍና በጨለማ የሚተነፍሱ ዕፅዋት የዚህን ግማሽ ቢወስዱ ጠቅላላው 45 ሚሊግራም ይደርሳል።

ገንዳው በአዲስ አበባ ሙሉ በሙሉ በኦክስጅን ረክቶ ቢነሳ በውስጡ 620 ሚሊግራም ይኖረዋል። መጠኑ በሊትር 3 ሚሊግራም እስኪደርስ ድረስ ሊወሰድ የሚችለው 320 ሚሊግራም ነው፤ ይህም በሰዓት 45 ሲካፈል 7 ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ያው ገንዳ በባሕር ዳርቻ ከተማ ቢሆን ኖሮ 12 ሰዓት ገደማ ይቆይ ነበር። የዓሦቹ ቁጥር በእጥፍ ቢጨምርና ሌላውም ፍጆታ አብሮ ቢያድግ የአዲስ አበባው ገንዳ የሚኖረው ጊዜ ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው።

ይህ ስሌት በውኃው ገጽ በኩል የሚገባውን ኦክስጅን አላካተተም፤ በዚህ ረገድ እውነተኛው ጊዜ ከተሰላው ሊረዝም ይችላል። በሌላ በኩል ብዙ ዓሦች ያሉበት ገንዳ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ረክቶ አይነሳም፤ በዚህ ረገድ ደግሞ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። በመሆኑም ከስሌቱ ሊወሰድ የሚገባው ቁም ነገር የሰዓቱ ቁጥር ሳይሆን ንጽጽሩ ነው። የዓሦቹን ብዛት በግማሽ መቀነስ ጊዜውን በእጥፍ ያሳድጋል፤ ይህን ያህል ውጤት በቀላሉ የሚሰጥ መሣሪያ የለም።

የገንዳው ቅርጽም ከፍተኛ ልዩነት ያመጣል። 40 በ40 ሴንቲሜትር መሠረትና 62.5 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 100 ሊትር ይይዛል፤ 100 በ40 ሴንቲሜትር መሠረትና 25 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለውም እንዲሁ 100 ሊትር ይይዛል። ነገር ግን የሁለተኛው የውኃ ገጽ የመጀመሪያውን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ማዕዘን ላይ ሲቀመጥ የሚያምረው ረጅምና ጠባብ ገንዳ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ አስቀድሞ የሚታፈነው ለዚህ ነው።

የዓሦቹ ዝርያም የራሱ ድርሻ አለው። ቤታና ጉራሚ የተባሉት ዓሦች ከስንጥባቸው በተጨማሪ አየርን በቀጥታ የሚተነፍሱበት አካል አላቸው። በአገራችን ሐይቆችና ወንዞች የሚገኘው አምባዛም ከስንጥቡ በላይ ባለ የቅርንጫፍ መልክ ባለው አካል ከአየር ኦክስጅን ይወስዳል። ቆሮሶ ግን እንዲህ ያለ አካል የለውም፤ ኦክስጅን ሲያንሰው ወደ ላይ ወጥቶ ከአየሩ ጋር የሚነካካውን ቀጭን የውኃ ንጣፍ ይስባል። አብዛኞቹ የጌጥ ዓሦችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ አንድ ቤታ አልፎ አልፎ ወደ ላይ ቢወጣ ተፈጥሮው ነው፤ ሌሎቹ ዓሦች በአንድነት ከውኃው ገጽ ሥር ተሰልፈው አፋቸውንና ስንጥባቸውን በፍጥነት ሲያንቀሳቅሱ ከታዩ ግን ክምችቱ ማለቁን የሚናገር ምልክት ነው።

ማጣሪያው፦ ከጠባቂነት ወደ አደጋነት

የማጣሪያው ዋና ሥራ በዓይን የሚታየውን ቆሻሻ መያዝ ብቻ አይደለም። በስፖንጁና በሌላው መሙያ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ዓሦቹ የሚያስወጡትን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ይህ ሥራ ብዙ ኦክስጅን ይጠይቃል፤ በአሞኒያ መልክ ያለ 1 ሚሊግራም ናይትሮጅን እስከ ናይትሬት ድረስ ለመለወጥ 4.6 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይወስዳል።

ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በማጣሪያው ውስጥ የሚያልፈው ውኃ ይቆማል። በተለይ ከገንዳው ውጭ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የሚሠራው የማጣሪያ ዓይነት ብዙ ባክቴሪያ በጥቂት ውኃ ውስጥ አምቆ ስለሚይዝ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ከገንዳው ኦክስጅን ቀድሞ ያልቃል። አሞኒያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ወዲያውኑ አይሞቱም፤ ሥራቸውን አቁመው ለተወሰነ ጊዜ ሊቆዩ ይችላሉ። ነገር ግን ያለ ኦክስጅን መኖር የሚችሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች በተጠራቀመው ቆሻሻ ላይ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ አሞኒያ ያወጣሉ፤ መቋረጡ ሲራዘምም የተበላሸ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ሊፈጥሩ ይችላሉ።

እንግዲህ መብራት ሲመጣ ማጣሪያው በራሱ ጊዜ ሲነሳ ይህን የተበላሸ ውኃ በአንድ ጊዜ ወደ ገንዳው ይገፋዋል። መቋረጡን በደኅና ያለፉ ዓሦች ኃይሉ ከተመለሰ በኋላ የሚሞቱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዚህ የሚከተለው ምክር ግልጽ ነው። የተዘጋው ማጣሪያ መብራት እንደጠፋ ከሶኬት ይነቀል፤ መቋረጡ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት ካለፈ ይከፈት፤ መሙያው ወጥቶ ከገንዳው በተቀዳ ጥቂት ውኃ እርጥብ ሆኖ በሰፊ ሳህን ላይ አየር እንዲያገኝ ይደረግ። እንደገና ከመገጠሙ በፊት በማጣሪያው ውስጥ የቆየው ውኃ ይደፋ፤ መሙያውም ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ይለቅለቅ። በቧንቧ ውኃ ማጠብ አይገባም፤ ክሎሪኑ ልናድናቸው የፈለግናቸውን ባክቴሪያዎች ይገድላልና።

አሞኒያ፦ ዘግይቶ የሚመጣ አደጋ

ማጣሪያው ሲቆም በገንዳው ውስጥ አሞኒያ መጠራቀም ይጀምራል። ጉዳቱ ግን በመጠኑ ብቻ አይለካም። አሞኒያ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው ኤሌክትሪካዊ ሙል ያለውና አንጻራዊ በሆነ አነጋገር ጉዳቱ ያነሰው አሞኒየም ሲሆን፣ ሁለተኛው በስንጥብ በኩል በቀላሉ የሚያልፈው መርዛማው አሞኒያ ነው። የሁለቱን ድርሻ የሚወስነው በዋናነት የውኃው ፒኤች ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀትና በፒኤች 7 መርዛማው መልክ ከጠቅላላው ከአንድ በመቶ በታች ነው፤ በፒኤች 8 ግን ከአምስት በመቶ በላይ ይሆናል።

ከዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል አንድ ነገር ይወጣል። ውኃው ረግቶ በቆየ ጊዜ ዓሦቹ የሚያስወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚጠራቀም ፒኤቹ ይወርዳል፤ በዚህም አብዛኛው አሞኒያ ጉዳት ባነሰው መልኩ ይቆያል። አየር መንፊያው እንደገና ሲነሳ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ ፒኤቹ ይመለሳል፤ የተጠራቀመውም አሞኒያ በከፊል ወደ መርዛማነቱ ይለወጣል። ስለዚህ ከረጅም መቋረጥ በኋላ የውኃውን አንድ አራተኛ ወይም አንድ አምስተኛ መለወጥ መቋረጡ ካለፈ በኋላም ቢሆን አስፈላጊ ነው። ይሁንና ምግብ ካልተጨመረና የዓሦቹ ቁጥር መጠነኛ ከሆነ አሞኒያ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ለሞት የሚያበቃ መጠን ላይ አይደርስም። ተራው ከኦክስጅን በኋላ ነው።

ሙቀት፦ አስቀድሞ የሚፈራው፣ ዘግይቶ የሚደርሰው

ውኃ ሙቀትን የመያዝ ትልቅ ችሎታ አለው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው 100 ሊትር ገንዳ 26 ዲግሪ ሳለ መብራት ቢጠፋና የክፍሉ ሙቀት 18 ዲግሪ ቢሆን፣ በተለመደ የመስታወት ገንዳ የሙቀት ብክነት ስሌት በመጀመሪያው ሰዓት የሚወርደው ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። በአራት ሰዓት ውስጥ 2 ዲግሪ ያህል፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ሳይኖር ቢያድር ጠዋት ላይ ውኃው ከ21 እስከ 22 ዲግሪ ይሆናል። ይህ ለአብዛኞቹ የሞቃት አገር ዓሦች ምቹ ባይሆንም ለአጭር ጊዜ የሚቻል ነው። 20 ሊትር ብቻ የሚይዝ ትንሽ ገንዳ ግን በአራት ሰዓት ውስጥ 3 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል።

ከዚህም በላይ ዝግ ያለ ቅዝቃዜ በመቋረጥ ጊዜ በመጠኑ ይጠቅማል። ውኃው ሲቀዘቅዝ የሙሌቱ ልክ ከፍ ይላል፤ የዓሦቹ የኦክስጅን ፍላጎት ደግሞ ይቀንሳል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲለወጥ ፍላጎቱ በእጥፍ ይለወጣል የሚለውን የተለመደ ግምት ብንወስድ፣ ከላይ የተሰላው 7 ሰዓት በ28 ዲግሪ ወደ 5 ሰዓት ገደማ ያጥራል፤ በ20 ዲግሪ ግን ወደ 12 ሰዓት ይረዝማል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውኃውን ለማሞቅ መጣደፍ ማለት እንግዲህ ቀድሞ የሚያልቀውን ነገር ይበልጥ ማፋጠን ነው።

የሙቀቱ ውድቀት በእርግጥ በሚያሰጋበት ጊዜ፣ ለምሳሌ በክረምት ሌሊት ወይም መቋረጡ ከግማሽ ቀን ሲያልፍ፣ የገንዳው አራት ጎኖች በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ይጠቅለሉ፤ የላይኛው ገጽ ግን ክፍት ይሁን። ገጹን መሸፈን ኦክስጅን የሚገባበትን በር መዝጋት ነው። በ60 ዲግሪ ሙቀት የተሞላ ባለ አንድ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ በ100 ሊትር ውኃ ላይ ቢንሳፈፍ ሙቀቱን ከግማሽ ዲግሪ ባነሰ ይጨምራል፤ ስለሆነም ጠርሙሶችን በየተራ መለዋወጥ ያስፈልጋል። የሞቀ ውኃ በቀጥታ ገንዳው ውስጥ መጨመር ግን በአንድ ቦታ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ስለሚፈጥር አይመከርም።

በመቋረጡ ጊዜ የሚወሰዱ እርምጃዎች

እስካሁን የተባለው ወደ ተግባር ሲመለስ ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ መብራት እንደጠፋ ማሞቂያውና ማጣሪያው ከሶኬት ይነቀሉ፤ የገንዳው ክዳን ይከፈት፤ ምግብ አይሰጥ። ጤነኛ የሆኑ ትልልቅ ዓሦች ያለ ምግብ ጥቂት ቀናት መቆየት ይችላሉ፤ የተመገበ ዓሣ ግን ምግቡን ለመፍጨት ተጨማሪ ኦክስጅን ይፈልጋል። አየር መንፊያው ከውኃው ገጽ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ከሆነ ውኃ በቱቦው ወደ ኋላ ተስቦ ወለሉን እንዳያጥለቀልቅ ቱቦው ይነሳ።

ሁለተኛ፣ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ካለ ይነሳ። ከሌለ ጆግ ይበቃል። ከገንዳው አንድ ሊትር ውኃ ቀድቶ ከአንድ ክንድ ያነሰ ከፍታ ላይ ሆኖ በቀስታ መልሶ ማፍሰስ ውኃውን ከአየር ጋር ያገናኘዋል። የውኃው ኦክስጅን ወደ 3 ሚሊግራም ወርዶ ሳለ እያንዳንዱ ጆግ ከጎደለው ግማሹን ቢመልስ በአንድ ጊዜ 1.6 ሚሊግራም ያገኛል፤ 30 ጆግ ደግሞ 48 ሚሊግራም ይመልሳል። ይህ በምሳሌያችን ያሉት ዓሦችና ባክቴሪያዎች በአንድ ሰዓት ከሚጠቀሙት ጋር የሚመጣጠን ነው። በየሩብ ሰዓቱ ሰባት ወይም ስምንት ጆግ ማፍሰስ ማለት ነው፤ አንድ ልጅ እንኳ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ሲፈስ ግን በሥር ያለው ጠጠር መታወክ የለበትም፤ በውስጡ የተቀበረው ብስባሽ ሲነሳ ኦክስጅን ይሻማል።

ሦስተኛ፣ መቋረጡ ሲራዘም የውኃው አንድ አምስተኛ ያህል ይለወጥ። መብራት ሲጠፋ የቧንቧ ውኃም አብሮ ሊቋረጥ ስለሚችል አስቀድሞ የተጠራቀመ ውኃ መኖሩ ይጠቅማል። አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ተከፍቶ ከአንድ ቀን በላይ የቆየ ውኃ አብዛኛው ክሎሪኑ ይወጣለታል፤ የክፍሉንም ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ቀስ በቀስ ሊጨመር ይችላል።

መብራት ሲመለስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሰካት ተገቢ አይደለም። ኃይሉ መጀመሪያ ሲመጣ ከፍ ዝቅ ሊል ስለሚችል ጥቂት ደቂቃዎች መጠበቅ ይሻላል። በመጀመሪያ አየር መንፊያው፣ ቀጥሎ የተለቀለቀው ማጣሪያ፣ በመጨረሻም ማሞቂያው ይሰካ። ውኃ ተቀንሶ ከሆነ ማሞቂያው ሙሉ በሙሉ በውኃ መሸፈኑ ይረጋገጥ፤ ከውኃ ውጭ የጋለ የመስታወት ማሞቂያ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል፣ የኤሌክትሪክ አደጋም ያስከትላል። ምግብም በማግሥቱ በጥቂቱ ይጀመር።

አስቀድሞ የሚደረግ ዝግጅት

የቤተሰብ የመጠባበቂያ ኃይል ውስን ነው፤ ስልክም፣ መብራትም፣ አንዳንድ ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ መድኃኒትም ይሻሙታል። ስለዚህ ዓሦቹን ለማቆየት የሚያስፈልገው ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ይገባል። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የተጻፈበት የተለመደ ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ከዚህ 30 ዋት ሰዓት ያህሉ ጥቅም ላይ ቢውል 2 ዋት የሚወስድ ትንሽ የዩኤስቢ አየር መንፊያ ለ15 ሰዓት ያሠራል። ያው ኃይል 100 ዋት ለሚወስድ ማሞቂያ ቢሰጥ 20 ደቂቃም አይሞላም። የአደጋዎቹ ቅደም ተከተልና የኃይሉ ወጪ በዚህ ነጥብ ይስማማሉ፤ ቀድሞ የሚያስፈልገው አየር በዋጋም እጅግ ርካሹ ነው። ሆኖም አንዳንድ ፓወር ባንኮች የሚሳበው ኃይል ትንሽ ሲሆን በራሳቸው ስለሚዘጉ አስቀድሞ ለጥቂት ሰዓታት አብሮ መፈተን ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስጊ የሆነው መቋረጥ ሰው ተኝቶ ሳለ የሚደርሰው ነው። በሌሊት ዕፅዋቱ ኦክስጅን ከመስጠት ይልቅ ስለሚወስዱ፣ የዓሦቹንም ጭንቀት የሚያይ ስለሌለ፣ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሳ ባለ ባትሪ አየር መንፊያ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አላዋለም። በቱቦው ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ መግጠምም የውኃውን ወደ ኋላ መመለስ ይከላከላል። በአየር የሚሠራ ቀላል የስፖንጅ ማጣሪያ ደግሞ ከተዘጋው ዓይነት ይልቅ ለዚህ ሁኔታ ይመቻል፤ ባለ ባትሪው አየር መንፊያ ሲገናኝለት ውኃውን አየር እየሰጠ ባክቴሪያዎቹንም ሥራ ላይ ያቆያል።

ማጠቃለያ

መብራት ሲቋረጥ በቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፤ ቀጥሎ ማጣሪያው ይበላሻል፤ ከዚያ አሞኒያ ይጠራቀማል፤ ሙቀቱ ከእነዚህ ጎን ለጎን በዝግታ ይወርዳል። በከፍታ ቦታ ይህ ቅደም ተከተል አይለወጥም፤ የመጀመሪያው አደጋ የሚደርስበት ጊዜ ግን በጉልህ ያጥራል። በመሆኑም በሌላ አገር ለ12 ሰዓት ይበቃል የተባለ ገንዳ በአዲስ አበባ ለ7 ሰዓት ብቻ ሊበቃ ይችላል። ይኸው አስተሳሰብ ጫጩት ዓሣ በሚፈለፈልባቸው ጣቢያዎችና ዓሣ በሕይወት በሚጓጓዝበት ጊዜም ይሠራል፤ በዚያ የዓሣው ክምችት ስለሚበዛ ሰዓቱ ወደ ደቂቃ ይወርዳል።

ከቀረቡት ስሌቶች ሁሉ ከፍተኛ ውጤት የሚሰጡት ሁለት ውሳኔዎች ናቸው፤ የዓሦቹን ቁጥር መመጠንና ሰፊ የውኃ ገጽ ያለው ገንዳ መምረጥ። ሁለቱም የሚወሰኑት መብራት በጠፋበት ሌሊት ሳይሆን ገንዳው በሚገዛበት ቀን ነው። በመስታወት ውስጥ ያለ ዓሣ የሐይቁ ዓሣ እንደሚያደርገው የተሻለ ውኃ ፍለጋ መሄድ አይችልም፤ የሚኖረው ባለቤቱ አስቀድሞ በተወለት የአየር ልክ ነው።